ጸጥታ የሚሸጥ መንደር
ቆቦና የራያ ቆላ ለዕረፍት ለሚመጣ እንግዳ ምን አላቸው? ገንዘቡስ የት ይቀራል?

ቆቦ ገበያ ላይ ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ማሽላው በቁና፣ ጤፉ በኩንታል፣ ፍየሉ በቁሙ እየተገመተ ይሸጣል። ከምሥራቅ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ፣ ከምዕራብ ደገኞች እህል በአህያ ጭነው ይገናኙበታል። ገዥ ይጠይቃል፣ ሻጭ ይጠራል፣ ደላላ መሐል ይገባል። እስካሁን ማንም ዋጋ ያልጠራለት አንድ ነገር ግን አለ። እርሱም ገበያው ሲበተን ሰው ሁሉ የሚመለስበት የመንደር ጸጥታ ነው።

የከተማ ሰው ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል ቢባል የቆላው ገበሬ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን በዓለም ላይ በርካታ ገጠሮች የሚኖሩት ይህንኑ በመሸጥ ነው። በፈረንሳይ ገበሬዎች ትርፍ ቤታቸውን ለዕረፍት ተከራዮች አሰናድተው ማከራየት የጀመሩት በ1951 እ.ኤ.አ. ነበር። ኢጣሊያ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ገበሬው እንግዳ ተቀብሎ እንዲያሳድር ስትፈቅድ፣ ዋናው ሥራው እርሻ ሆኖ መቀጠል እንዳለበት ደንግጋለች። በአገራችንም ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ ሌጲስ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት የምርጥ የቱሪዝም መንደርነት ዕውቅና አግኝተዋል።

ለመሆኑ የራያ ቆላ መንደሮች ወደዚህ ገበያ ቢገቡ የሚያቀርቡት ሸቀጥ ምንድን ነው? መልሱ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ቃሉ ግን ሁለት ትርጉም አለው። በአማርኛ «ጸጥታ» ሲባል አንድም የጫጫታ አለመኖር፣ አንድም የሰላምና የደኅንነት መጠበቅ ማለት ነው። የመጀመሪያውን መንደሩ ያለ ወጪ ያገኘዋል። ሁለተኛውን ግን ብቻውን ሊያመርተው አይችልም። የሸቀጡ ዋጋም ሆነ የገበያው ችግር ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሜዳውና መንደሮቹ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልዲያ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ነው። ከወልዲያ የሚነሳ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይገባል፤ ወደ ሰሜን ከቀጠለ ዋጃንና አላማጣን ያገኛል። በስተ ምዕራብ የጊዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር በረሃ ይለየዋል። መሐሉ ለጥ ያለ፣ ጥቁርና ደለል አፈር የተኛበት ሜዳ ነው።

ለጎብኚ የመጀመሪያው ትርዒት ይኸው ሜዳ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን በመሐሉ ባለው ቀጭን መንገድ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ካለው በቀር ማንንም አያይም። ደጋሌትን የመሳሰሉት የአገሬው ዝርያዎች ረጃጅም ናቸው፤ እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል። ጎብዬ የሚለው የመንደር ስም በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ የማሽላ ዝርያ ስምም ነው። «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ሲሆኑ፣ ከጀርባቸው ያለው የምርምር ሥራ ኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት አሸናፊ አድርጓቸዋል።

ሁለተኛው ትርዒት ውኃው ነው። ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ዝናብ ሳያይ ጎርፍ ይደርሰዋል። ገበሬው ይህን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ክትር ጠልፎ፣ በቦይ እየመራ ወደ ማሳው ያስገባል። ሥራው የአንድ ቤት አይደለም፤ ተራ የሚያስጠብቅ መሪ፣ የሚታዘዝ ጎረቤትና በሌሊት ጭምር ዶማ ይዞ የሚወጣ ጉልበት ይፈልጋል። በቅርብ ዓሥርት ዓመታት ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በጥልቅ ጉድጓድ እየወጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ተለምዷል። አሮጌውንና አዲሱን መስኖ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ጎን ለጎን ማየት የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው መንደሩ ራሱ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወጣ ሲሉ የሣርና የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች ተሰባስበው ይታያሉ። ጠዋት ወፍጮ፣ ማታ የከብት ደወል ካልሆነ የሚሰማ ድምፅ ጥቂት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ይኖራል፤ ለቅሶም ሰርግም አብሮ ይቀመጣል። እንግዳ በጠፍር አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ መነሳት ነውር ነው። ከቆላው ሙቀት ሸሽቶ አየር መለወጥ የፈለገ ወደ ዞብል ይወጣል፤ ከዚያ ላይ ሆኖ በአንድ በኩል የራያን ሜዳ፣ በሌላ በኩል የአፋርን ቆላ ያያል።

በዓል ላይ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሶለልን ያገኛል። ከፍልሰታ ጾም ፍቺ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ተሹረበው፣ ተኩለው እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ ሲባል፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ለገበያ አዋቂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በየዓመቱ የሚደጋገምና ማስታወቂያ የማያስፈልገው በዓል ለእንግዳ አስተናጋጅ ትልቅ ሀብት ነው።

የመቄት ትምህርት

ይህ ሁሉ የሀብት ዝርዝር ነው፤ ሀብት ደግሞ በራሱ ገቢ አይሆንም። ሀብቱ እንዴት ወደ ገንዘብ እንደሚለወጥ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ከቆቦ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ፣ የመቄት ወረዳ ገበሬዎች ሞክረውታል።

በ2003 እ.ኤ.አ. በመቄት «ተስፋ» በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም መነሻው የእርዳታ ሥራ ነበር። በወረዳው ከሕፃናት አድን ድርጅት ጋር ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ማርክ ቻፕማን ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው ሐሳቡን አንቀሳቀሱት። መቋት ማርያምና ዋጀላ ከመጀመሪያዎቹ መንደሮች መካከል ናቸው። ከላሊበላ ወደዚያ የሚሻገር ጎብኚ ድሮም ነበር፤ መኪናው ግን አቧራ ትቶ ያልፍ ነበር እንጂ መንደር ውስጥ አይቆምም ነበር። የተደረገው ነገር ቀላል ነው። ገደል አፋፍ ላይ በአገሬው አሠራር ጥቂት ጎጆዎች ተሠሩ። መንደሩ ኮሚቴ መረጠ። ምግብ አብሳዮችና አስተናጋጆች ሠለጠኑ። ጎብኚው በቀን ጥቂት ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ያልፋል፣ ሻንጣውን የገበሬው አህያ ይጭናል፣ መንገዱን የአካባቢው ልጅ ይመራል። የእንግዳው ቁጥር በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሰዎች እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከክፍያው ከግማሽ የሚበልጠው ለመንደሮቹ እንዲደርስ ተደረገ። አሠራሩ ኋላ ወደ ላሊበላ ዙሪያና ወደ ትግራይም ተስፋፍቷል።

ከዚህ አሠራር ውስጥ ለራያ ትልቁ ትምህርት ጎጆው አይደለም፤ የክፍያው ዘዴ ነው። እንደሚታወቀው በገጠራችን የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ማደሪያ አይከለከልም። እንግዳን አሳድሮ ጠዋት ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው። አልጋ ያከራየች እናት በጎረቤት ዘንድ ስሟ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ መንደሮች ወይ በነፃ እያስተናገዱ ይከስራሉ፣ ወይ ደግሞ ልጆቻቸው መኪና ተከትለው ሳንቲም መለመን ይጀምራሉ። ሁለቱም ገበያ አይደሉም።

በመቄት የተገኘው መፍትሔ ሻጩንና አስተናጋጁን መለየት ነበር። ጎብኚው አስቀድሞ ከተማ ውስጥ ቀኑን ያስይዛል፣ ዋጋውን ይከፍላል። መንደር ሲደርስ ሒሳቡ ያለቀ ነው። ምግብ የምታቀርበው ሴት እንደ ወጉ «ብሉልኝ» ትላለች፤ የድካሟን ዋጋ የምትቀበለው ከኮሚቴው ነው። ዋጋው አንድ ስለሆነ ክርክር የለም። አህያ የሚጭነው በተራ ስለሆነ ሽሚያ የለም። በዚህ መልኩ ወጉም ገንዘቡም ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ።

በአማራ ክልል ሌላም ምሳሌ አለ። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ አነሳሽነት የተመሠረተው የፎገራው አውራ አምባ ማኅበረሰብ ለሚመጣው ጎብኚ አነስተኛ የመግቢያ ዋጋ ያስከፍላል፣ የእንግዳ ማረፊያ አለው፣ በእጁ የሠራውን ሽመና ይሸጣል። አውራ አምባ የሚሸጠው ተራራም ገደልም አይደለም፤ የአኗኗር ዘዴውን ነው። የራያ ሜዳ እንደ ላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የለውም ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ነው።

መቶው ብር የት ይሄዳል?

አንድ ጎብኚ በቀን 100 ብር ያወጣል እንበል። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው። ጎብኚው ከተማ ሆቴል አድሮ፣ በመኪና መንደር ሄዶ፣ ፎቶ አንስቶ ቢመለስ፣ ከ100 ብሩ የሚበዛው ለነዳጅ፣ ለአልጋ፣ ለቢራና ለታሸገ ውኃ ይወጣል። ነዳጁ ከውጭ የመጣ ነው። ቢራው ከሩቅ ፋብሪካ ነው። ፍራሹና አንሶላው ከአዲስ አበባ ተጭነው መጥተዋል። መንደሩ የሚያገኘው መንገድ ላሳየው ልጅ የተሰጠውን ጉርሻ ብቻ ይሆናል።

ያው ጎብኚ መንደር ውስጥ አድሮ የመንደሩን ምግብ ቢበላ ነገሩ ይለወጣል። ጤፉ፣ ማሽላው፣ ሽሮው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱና ቅቤው ከዚያው ይገዛል። የአህያው ኪራይ፣ የመንገድ መሪው አበል፣ የአብሳይዋ ደመወዝና የዘበኛው ክፍያ እዚያው ይቀራሉ። የእንቁላል ዋጋ የተቀበለች ሴት ደግሞ በማግሥቱ ከጎረቤት ማገዶ ትገዛለች፤ ያው ብር ከመንደር ሳይወጣ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ለመንደሩ ወሳኙ ጥያቄ «ስንት ጎብኚ መጣ?» የሚለው ሳይሆን «ጎብኚው ከበላው ውስጥ ምን ያህሉ የኛ ነው?» የሚለው ነው። መንደር ውስጥ የሚቀርብ ስፓጌቲና የታሸገ ጭማቂ ለእንግዳው ውለታ ቢመስልም ለመንደሩ ኪሳራ ነው።

የወጥ ቤቱ ጉዳይ ግን በራያ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለው። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። ሥጋ ይቅረብ ከተባለ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት አብሳይ ያስፈልጋል። ይህ ለትንሽ መንደር ከባድ ወጪ ነው። መውጫው በሁለቱም ቤት የሚበላው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እሸትና ማር ነው። ለውጭ አገር ጎብኚም የጾም ምግብ ሆድ የማያስቸግር ከመሆኑ ሌላ ሥጋ ለማይበሉት የተመቸ ነው። ሥጋ የሚፈልግ እንግዳ አስቀድሞ ሲያዝ ብቻ ቢቀርብለት ወጪው ይቀንሳል።

የአንድ ሌሊት አልጋ

አሁን ወደ ትርፍና ኪሳራው እንግባ። አንድ መንደር ሦስት ጎጆ ሠርቶ ስድስት አልጋ አዘጋጀ እንበል። ቆላው የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት አምስት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ፣ ከዚያም ጎርፉ ይመጣል። አምስት ወር 150 ሌሊት ነው። ስድስት አልጋ በ150 ሌሊት ሲባዛ 900 የአልጋ ሌሊት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ቢሸጥ 180 ይሆናል። ከእያንዳንዱ ምግብና ሌላ ወጪ ተቀንሶ 500 ብር ቢቀር፣ መንደሩ 90,000 ብር ያገኛል። ለዘበኛ፣ ለሣር ክዳን ማደሻ፣ ለአንሶላና ለመሳሰለው በዓመት 60,000 ብር ቢወጣ ትርፉ 30,000 ብር ነው።

ከአሥሩ አንድ ብቻ ቢሸጥስ? የተሸጠው 90፣ ገቢው 45,000 ብር ይሆንና መንደሩ 15,000 ብር ይከስራል። ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 120 የአልጋ ሌሊት መሸጥ ይኖርበታል። ዘበኛው እንግዳ ኖረም አልኖረም ይከፈለዋል፣ የሣር ክዳኑም እንግዳ ኖረም አልኖረም ይበሰብሳልና። ስለዚህ መንደሩ በሁለት ጎጆ ቢጀምርና ሲሞላ ሦስተኛውን ቢጨምር ይሻለዋል። በብድር ትልቅ ሎጅ ሠርቶ መጠበቅ የከተማ ነጋዴ ሊሸከመው የሚችል ዕዳ እንጂ የገበሬ ማኅበር የሚሸከመው አይደለም።

ትርፉም ቢሆን ሲከፋፈል ትንሽ ነው። 30,000 ብር ለ100 አባወራ ሲደርስ ለአንዱ 300 ብር ነው። ይህ ማንንም ከድህነት አያወጣም። ለወፍጮ ጥገና፣ ለውኃ ጉድጓድ ሞተር ወይም ለትምህርት ቤት ወንበር ተጠራቅሞ ሲውል ግን ሁሉም የሚያየው ጥቅም ይሆናል። ዋናው የግለሰብ ገቢ የሚመጣው ከክፍፍሉ ሳይሆን ከእንቁላሉ፣ ከአህያውና ከቀን ሥራው ነው።

የወቅት ጉዳይም አለ። የጎብኚው ወቅት የሚጀምረው ማሽላው ሲደርስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስላለ ጉልበት ውድ ነው። እንግዳ ልመራ ብሎ ማሽላውን ለወፍ የተወ ገበሬ የሚያገኘው ገንዘብ ያጣውን አይተካለትም። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ሥራውን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች መስጠቱ ያዋጣል። የኢጣሊያ ሕግ «እርሻው ዋና ሆኖ ይቀጥል» ማለቱ ለዚህ ነው። እንግዳው የመጣው እርሻውን ሊያይ ነውና እርሻው ከተተወ እንግዳውም አይመጣም።

ሁለተኛው ጸጥታ

የቆላው ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ክፉ ቀን ያሳልፋል። ዋጋ ሲረክስ ያቆያል፣ ሲወደድ ያወጣል። የአልጋ ሌሊት ግን ጉድጓድ የለውም። ዛሬ ማታ ያልተሸጠ አልጋ ነገ ሊሸጥ አይችልም፤ ጠፍቷል። ቱሪዝም ከእህል ንግድ ይልቅ ለጸጥታ መደፍረስ የሚጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ራያ ይህን በተግባር አይቶታል። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ቆይታለች፤ የሰላማዊ ሰዎችም ሕይወት ጠፍቷል። ጋብ ብሎ የነበረው ውጊያ ዳግም የተቀሰቀሰው በዚያው በቆቦ አካባቢ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን ልብ ይሏል፤ ሶለል ከገባ ሦስተኛው ቀን ነው። ልጃገረዶች ሊጨፍሩበት የሚገባው ሳምንት የስደት ሳምንት ሆነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መቄትና ላሊበላም ከዚህ አላመለጡም። ለዓመታት የተገነባ የመንደር እንግዳ ተቀባይነት በአንድ ክረምት ባዶ አልጋ ይዞ ቀረ።

ጉዳቱ ከውጊያው ቀን ይረዝማል። ጎብኚ የሚወስነው በሰማው ስም ነው። ከራያ ሜዳ በላይ አፋፉ ላይ ያለችው ኮረም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በእንግሊዙ ቢቢሲ ቴሌቪዥን የረሃብ ምስል ለዓለም ከታየች ወዲህ ስሟ ከዚያ ምስል ሳይለይ ብዙ ዓመት ኖሯል። የወደቀን ስም ማንሳት ከወደቀ ጎጆ ማንሳት ይከብዳል። ጎጆውን መንደሩ በደቦ ይሠራዋል፤ ስሙን ግን መንገዱ ሰላም ሆኖ በሰነበተ ቁጥር ነው የሚያገኘው።

በዋጋ በኩል ደግሞ ሌላ ለውጥ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለውጭ አገር ጎብኚና ለዲያስፖራው አገር ቤት በዶላር ሲታሰብ ረከሰ ማለት ነው። በአንጻሩ የነዳጅና የትራንስፖርት ወጪ ስለናረ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ባለደመወዝ 570 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ራቀ። ምግቡን ከዚያው የሚገዛ መንደር ከዚህ ለውጥ ይጠቀማል፤ ከሩቅ አስጭኖ የሚያቀርብ ግን ይጎዳል።

የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ነው?

ብዙውን ጊዜ «ቱሪስት» ሲባል ፈረንጅ ይታሰባል። ለራያ ግን የመጀመሪያው ገበያ የራሱ ልጅ ነው። ከአካባቢው ወጥተው አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ሌላም አገር የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ለሶለል፣ ለጥምቀት፣ ለአረፋ ይመጣሉ። መንገዱን ያውቁታል፣ ቋንቋውን ይችላሉ፣ ሙቀቱን አይፈሩም፣ ወሬም ቢሰሙ እውነቱን ከዘመድ ደውለው ያጣራሉ። ይሁን እንጂ ዘመድ ቤት ስለሚያርፉ ገንዘባቸው በስጦታ መልክ አንድ ቤት ይገባል እንጂ ለመንደሩ አይደርስም። ከእነርሱ ጋር የሚመጡት የሥራ ባልደረቦችና እዚያ ያልተወለዱ ልጆቻቸው ግን አልጋና መንገድ መሪ ይፈልጋሉ። ትንሹ ጎጆ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ለሶለል የመጣ እንግዳ ወጪውን ሁሉ ባይሸፍን እንኳ ሥራውን ያስተምራል፤ ፈረንጁ በጥቅምት ሲመጣ አብሳይዋ እጇ ተፍታቷል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። የመንደሩ ኮሚቴ፣ አንድ ዋጋ፣ የሥራ ተራ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የፈላ ውኃ፣ ወልዲያ ወይም ቆቦ ላይ ቀን የሚያስይዝ ሰውና ስልክ። ውኃ በቆላው ውድ ስለሆነ ገላ መታጠቢያው በባልዲ ቢሆን አያሳፍርም። የእንግዳው ድርሻም አለ። ሳያስፈቅድ ፎቶ አያነሳም፣ ሙስሊም ቤት መጠጥ ይዞ አይገባም፣ ለልጆች ሳንቲም አይበትንም፤ መስጠት የፈለገ ለኮሚቴው ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ወደ ቆቦም ሆነ ወደ መቄት ለመሄድ ያሰበ ሰው ጉዞውን ከመወሰኑ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዞኑና ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ከአካባቢው ሰው መጠየቅ አለበት። መንደሩም ቢሆን እንግዳ እንዳይመጣ መናገር የሚገባው ጊዜ ሲሆን እውነቱን ይናገር። ያልተሸጠ አልጋ የአንድ ሌሊት ኪሳራ ነው፤ ተታሎ መጥቶ የተጎዳ እንግዳ ግን የመንደሩን ስም ለዓመታት ያከስረዋል።